ቶሎ ዞር አልን፦ ከተበጣጠሱ ኮከቦች ዘግይቶ የሚመጣው የሬዲዮ ሞገድ

በ2018 ከእኛ 665 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ካለ ጋላክሲ እምብርት አንድ ብልጭታ ታየ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) አንድ ኮከብ ወደ ግዙፍ ብላክ ሆል (ስበቱ ብርሃንን እንኳ ወደማያስወጣ አካል) ከልክ በላይ ተጠግቶ ተበጣጥሶ ነበር። ተመራማሪዎች ኤቲ 2018 ኤችዋይዜድ ብለው መዘገቡት። የሬዲዮ ቴሌስኮፖችም ወደዚያ ዞረው አዩ። ምንም የለም። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ አሁንም ምንም የለም። ብልጭታው እየደበዘዘ ሄደ፣ ሰዉም ወደ ሌላ ሥራው ሄደ።

ከዚያ በ2021 አጋማሽ፣ ብልጭታው ከታየ 972 ቀን ገደማ በኋላ፣ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ኢቬት ሴንደስ የምትመራው ቡድን የቆዩ ክስተቶችን እንደገና ሲፈትሽ ያ ዝም ብሎ የነበረ ቦታ በሬዲዮ ቦግ ብሎ አገኘው። የዋዛ ድምቀትም አልነበረም። ከዚያ በኋላም ለዓመታት እየጨመረ ነው የሄደው።

ግኝቱ በ2022 ሲታተም በየቦታው «ብላክ ሆሉ የዋጠውን ኮከብ ከ3 ዓመት በኋላ ተፋው» ዓይነት ርዕስ ተሰጠው። ይህ አባባል ይከነክነኛል። አንደኛ ነገር ከብላክ ሆል ውስጥ የወጣ ነገር የለም፤ ከዚያ ድንበር ያለፈ አይመለስም፣ አለቀ። ሁለተኛ ነገር ደግሞ፣ ለእኔ ይህ ይበልጣል፣ ርዕሱ ክስተቱን አንድ ለየት ያለ ብላክ ሆል የሠራው ጉድ ያስመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው መረጃ የሚያሳየው ዘግይቶ በሬዲዮ መድመቅ በእነዚህ ክስተቶች ዘንድ የተለመደ ነገር እንደሆነ ነው። እስካሁን ያላየነው ጥቂት ወር ጠብቀን ዞር እያልን ስለሄድን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ግን ከመጀመሪያው እንነሳ።

ኮከብ እንዴት ይበጣጠሳል

ጨረቃ የውቅያኖስን ውሃ ከፍ ዝቅ እንደምታደርግ በትምህርት ቤት ተምረናል። ወደ ጨረቃ ያለው የምድር ጎን ከወዲያኛው ጎን ትንሽ በለጥ ብሎ ይሳባል፤ ያቺ ትንሽ የስበት ልዩነት ናት ውሃውን ወደ ላይ የምታሳብጠው። አሁን በጨረቃ ቦታ ፀሐይን ሚሊዮን ጊዜ የሚበልጥ ክብደት ያለው ብላክ ሆል አስቀምጡ፣ በምድር ቦታ ደግሞ ኮከብ። ያ ልዩነት ኮከቡን አንድ አድርጎ ከያዘው ከራሱ ስበት ይበልጣል። ኮከቡ ይለጠጣል፣ ይቀጥናል፣ እንደ ክር ረዝሞ ይበተናል።

ቁጥሩን እንየው። ፀሐይን የሚያክል ኮከብ ሚሊዮን ፀሐይ በሚመዝን ብላክ ሆል እንዲበጣጠስ 70 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ መጠጋት አለበት። ይህ ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም። የብላክ ሆሉ የማይመለሱበት ድንበር ግን 3 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ኮከቡ የሚፈርሰው ከድንበሩ ብዙ ርቆ፣ ውጭ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ብላክ ሆሉ እየገዘፈ ሲሄድ ሁለቱ ርቀቶች ይቀራረባሉ። 100 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ሲደርስ ድንበሩና የመበጣጠሻው ርቀት ይገጥማሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ሳይፈርስ ድንበሩን ያልፋል፤ እኛም ምንም አናይም። በአጭሩ፣ ትዕይንቱን የሚያሳዩን ከግዙፎቹ መካከል አነስ ያሉት ናቸው። በእኛው ጋላክሲ እምብርት ያለው ብላክ ሆል 4 ሚሊዮን ፀሐይ ገደማ ስለሚመዝን ከእነዚህ ይመደባል።

ኮከቦች በግዙፍ ብላክ ሆሎች ሊበጣጠሱ ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ ጃክ ሂልስ በ1975 አንስቶታል። ማርቲን ሪስ ደግሞ በ1988 ከመበጣጠሱ በኋላ ምን እንደሚከተል አስልቶ ጻፈ። ከኮከቡ ቁስ ግማሽ ያህሉ በከፍተኛ ፍጥነት ተወርውሮ ላይመለስ ይሄዳል። ሌላው ግማሽ ዞሮ ወደ ብላክ ሆሉ ይመለሳል። የሚመለሰው ጅረት እርስ በርሱ ይጋጫል፣ ይግላል፣ ቀስ በቀስም በብላክ ሆሉ ዙሪያ የሚሽከረከር ዲስክ ይሠራል። በዓይን የሚታየው ብርሃን፣ አልትራቫዮሌቱና ኤክስሬዩ የሚመጡት ከዚህ ግርግር ነው። ለሳምንታትና ለወራት በጣም ይደምቃል፣ ከዚያ ይከስማል።

በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ይህ የሚሆነው ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ነው። ስለዚህ አንድ ጋላክሲ ላይ አፍጥጦ መጠበቅ ዋጋ የለውም። መፍትሔው ሰማዩን በሙሉ በየጥቂት ቀኑ ፎቶ እያነሱ «ትናንት ያልነበረ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ዛሬ በሮቦት የሚሠሩ ቴሌስኮፖች ይህን ያደርጋሉ፤ ለዚህም ነው ባለፉት ዓመታት ቁጥሩ ከጥቂቶች ተነስቶ ከ100 ያለፈው።

ሬዲዮው ከየት ይመጣል

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። እዚህ ሬዲዮ ማለት ድምፅ አይደለም። የሬዲዮ ሞገድ ብርሃን ነው፣ የሞገዱ ርዝመት ብቻ ነው ከምናየው ብርሃን እጅግ የሚበልጠው። ቴሌስኮፖቹም አይሰሙም፣ ያያሉ።

በኮከቡ መፍረስ ወቅት ወይም ከዚያ በኋላ የተወሰነ ቁስ ወደ ውጭ ይወረወራል። ይህ ቁስ የማይመለሱበትን ድንበር አላለፈም፤ ከዲስኩ ወይም ከጅረቱ ግጭት የተነሳ ነው። አንዳንዴ በሁሉም አቅጣጫ እንደ ነፋስ ይነፍሳል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጠበብ ባለ ጄት ተሰብስቦ በብርሃን ፍጥነት ሊባል በሚችል ፍጥነት ይወነጨፋል። በጋላክሲው እምብርት አካባቢ ደግሞ ባዶ ቦታ የለም፣ ስስ ጋዝ አለ። የተወረወረው ቁስ ከዚያ ጋዝ ጋር ይላተማል። ግጭቱ ላይ ኤሌክትሮኖች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው ይፈጥናሉ፣ መግነጢሳዊ መስኩም ይጠነክራል። እንዲህ የፈጠነ ኤሌክትሮን በመግነጢሳዊ መስክ ዙሪያ ሲጠማዘዝ የሬዲዮ ሞገድ ያወጣል። ሲንክሮትሮን የሚባለው ጨረር ይህ ነው።

ይህ ጨረር አንድ ደስ የሚል ጠባይ አለው። ሞገዱን ያወጣው አካል ገና ትንሽና የታመቀ ሳለ የራሱን ሬዲዮ ራሱ ይውጠዋል፣ በተለይ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን። ጥቅጥቅ ያለ ጉም ውስጥ እንደበራ መብራት ነው፤ የሚታየን የጉሙ ጠርዝ ብቻ ነው። ጉሙ ሲሰፋ ይሳሳል፣ ብርሃኑም ያልፋል። ስለዚህ ሬዲዮው ይበልጥ የሚደምቅበት ድግግሞሽ ከጊዜ ወደ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ተመራማሪዎች ይህን የድምቀት ጫፍ በተለያየ ድግግሞሽ እየለኩ የሚያበራው አካል ምን ያህል እንደሚሰፋ ያሰላሉ። ስፋቱን ለጊዜው ስታካፍሉት ፍጥነት ይወጣል። ወደ ኋላ ስትቆጥሩት ደግሞ መቼ እንደተነሳ ይነግራችኋል። በሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለ፣ በየትኛውም ፎቶ ላይ ከነጥብ የማይበልጥ ነገር፣ በዚህ መንገድ ዕድሜውንና ፍጥነቱን ያወጣል። በመላው የሥነ ፈለክ ሙያ ውስጥ ከምወዳቸው ስሌቶች አንዱ ነው።

ጥሩ ምሳሌ አለ። በኅዳር 2014 የተገኘው አሳሲን 14 ኤልአይ 290 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ክስተት ይህ ጎረቤት ነው። ሬዲዮው ቶሎ ታየ። በአንድ ትንተና መሠረት ወደ ውጭ የሚፈሰው ቁስ በሰከንድ ከ12 ሺህ እስከ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ይህ ከብርሃን ፍጥነት ከ4 እስከ 12 በመቶው ነው። ሌሎች ደግሞ ጄት ነው ብለው ተከራከሩ፣ ምክንያታቸውም ጠንካራ ነበር፦ የኤክስሬዩ መዋዠቅ ከ13 ቀን ገደማ በኋላ በሬዲዮው ላይ ተደግሞ ታየ። ኤክስሬዩ ከዲስኩ ነው የሚመጣው። ዲስኩ ሲያንገራግር ሬዲዮውም ከተከተለው ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አለ ማለት ነው። ለምሳሌ ከዲስኩ የሚመገብ ጄት።

ሬዲዮ ሌላም ጥቅም አለው። አቧራ አያግደውም። አርፕ 299 የሚባሉ ሁለት እየተዋሃዱ ያሉ ጋላክሲዎች 150 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀው ይገኛሉ፣ በአቧራም ተሸፍነዋል። በ2005 መጀመሪያ ላይ ከአንዱ እምብርት ኃይለኛ የኢንፍራሬድ ብልጭታ ታየ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ የሬዲዮ ነጥብ ተገኘ። በዚያ ጋላክሲ ኮከቦች በብዛት ስለሚፈነዱ መጀመሪያ ሱፐርኖቫ ነው የተባለው። ቡድኑ ግን አልተወውም። በተለያዩ አገሮች ያሉ ሳህኖችን እንደ አንድ ግዙፍ ቴሌስኮፕ እያጣመረ ዓመት ከዓመት ተከታተለው። ነጥቧ በአንድ አቅጣጫ እየረዘመች ሄደች። ሱፐርኖቫ እንደዚያ አያደርግም፣ ጄት ግን ያደርጋል። ውጤቱ የታተመው በ2018 ነው፤ ከመጀመሪያው ብልጭታ 13 ዓመት በኋላ። ለእኔ ይህ ሥራ የጄትን ማደግ በምስል ካሳዩን ሁሉ ይልቃል። ለጥቂት ወር ብቻ ታይቶ ቢተው ኖሮ ዛሬም በሱፐርኖቫ መዝገብ ውስጥ ተረስቶ ይቀር ነበር።

የደመቁትን ብቻ ስናይ

ይህ ዘርፍ በሬዲዮ ትኩረት ያገኘው በመጋቢት 2011 መጨረሻ ነው። ስዊፍት የተባለችው ሳተላይት ወደ 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ከሚገኝ ጋላክሲ ኃይለኛ ጨረር ያዘች። መጀመሪያ ጋማ ሬይ ፍንዳታ መሰለ፤ ጋማ ሬይ ፍንዳታ ግን ቶሎ ይጠፋል፣ ይህ ደግሞ ቀናትም ሳምንታትም አልፈውት እየበራ ቀጠለ። ስዊፍት ጄ1644+57 ተባለ። አንድ ኮከብ ፈርሶ ከብላክ ሆሉ ጎን የተወነጨፈው ጄት ቀጥታ ወደ እኛ ያነጣጠረ ሆኖ ነው። ሬዲዮው በጣም ደማቅ ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ኤክስሬዩ ድንገት ቀጥ አለ፣ ሬዲዮው ግን ለዓመታት ቆየ።

እንዲህ ቀጥታ ወደ እኛ የተነጣጠረ ጄት እስካሁን የታየው በጣት በሚቆጠሩ ክስተቶች ብቻ ነው። በየካቲት 2022 የተገኘው ኤቲ 2022 ሲኤምሲ አንዱ ነው፣ እሱም 8.5 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ ነው የታየው።

ስዊፍት ጄ1644 አንድ ልማድ ጥሎብን ሄደ። ሁሉም ሰው «ሬዲዮ ካለ ቶሎ ይታያል፣ ደማቅም ይሆናል» ብሎ ጠበቀ። የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጊዜ ደግሞ እንዲሁ አይገኝም። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ገምጋሚዎች ያዩታል፣ ከሚጠየቀው ያነሰ ነው የሚፈቀደው። ከ2 ዓመት በፊት ታይቶ ምንም ያልተገኘበትን ቦታ «እንደገና ልየው» ብሎ ማሳመን ከባድ ነው። አዲስ ብልጭታ ሁልጊዜ ያሸንፋል። ማንም ሰው ሰነፈ እያልኩ አይደለም፤ አሠራሩ ራሱ ሰውን ወደ አዲሱ የሚገፋ ነው።

ማስጠንቀቂያው ግን ቀድሞ መጥቶ ነበር። አሳሲን 15 ኦአይ በ2015 ሲገኝ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በሬዲዮ ምንም አልታየበትም። ወደ 6 ወር ሲጠጋ ድንገት በራ። ከዚያ ደበዘዘ። ከዚያ ደግሞ፣ 4 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ እንደገና ደምቆ ተገኘ። ያን ሁለተኛውን የያዘው ማንም ለዚህ ክስተት ብሎ ያዘጋጀው ምልከታ አልነበረም። ቪኤልኤ የተባለው የአሜሪካ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሰማዩን በጅምላ ሲቃኝ አብሮ የመጣ ነው። ይህ ነገር ሲታተም 2021 ሆኖ ነበር።

ከዚያ መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ኤችዋይዜድ መጣ። የእሱ አነሳስ ለማመን ይከብዳል። ድምቀቱ በጨመረበት ፍጥነት ብንሄድ፣ ከመበጣጠሱ ጀምሮ የተቆጠረው ጊዜ እጥፍ ሲሆን ሬዲዮው 30 እጥፍ ገደማ ይጨምራል እንደማለት ነው። ዝም ብሎ በቋሚ ፍጥነት እየሰፋ የሚሄድ ነገር እንዲህ አይደምቅም።

ሴንደስና ባልደረቦቿ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ፦ ይህ አንድ ለየት ያለ ነገር ነው ወይስ ሌሎቹም እንዲህ ናቸው? ከ20 በላይ የቆዩ ክስተቶችን ወስደው፣ ከተገኙ ከ500 ቀን ጀምሮ እስከ 3,200 ቀን ገደማ ባለው ዕድሜያቸው ላይ፣ አንድ በአንድ አዩዋቸው። ቀደም ሲል በሬዲዮ ምንም ያልታየባቸው 9 ክስተቶች አሁን በሩ። በዓይን በሚታይ ብርሃን ከተገኙት የኮከብ መበጣጠሶች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ከመቶዎች እስከ ሺዎች ቀናት ቆይተው በሬዲዮ ይታያሉ የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ከታዩት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና እየደመቁ ነበር።

40 በመቶ! በዚህ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ቁጥር ሊያስደነግጥ ይገባል። ሁሉም ቀድሞ የሚጠብቀው ፈጣኑ ሬዲዮ ነበር፤ አሁን ዘግይቶ የሚመጣው ምናልባት የበለጠ የተለመደው ሆኖ ተገኘ።

ለምን ይዘገያል?

እዚህ ላይ ክርክሩ ገና ሞቅ እንዳለ ነው። ሦስት ማብራሪያዎች አሉ፣ ሦስቱንም በቁም ነገር ነው የማያቸው፣ እኩል ግን አላምናቸውም።

የመጀመሪያው ጄቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ፣ ግን ወደ እኛ አልዞረም የሚል ነው። በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ የሚጓዝ ጄት ብርሃኑን ወደፊት ብቻ ነው የሚያጎርፈው፣ እንደ ባትሪ መብራት። ከጎን ቆሞ ለሚያይ አይታይም። ከአካባቢው ጋዝ ጋር እየተጋጨ ፍጥነቱን ሲቀንስ ግን የብርሃኑ ማዕዘን ይሰፋል፣ አንድ ቀን እኛም ውስጡ እንገባለን። ይህ ሐሳብ ኤችዋይዜድን በተመለከተ ጠንካራ ተከራካሪዎች አሉት፤ ያ አጉል ፈጣን አነሳስ ከእንዲህ ዓይነት ጄት የሚጠበቅ ነውና። ለሌሎቹ ግን አይመስልም። በሴንደስ ስብስብ ውስጥ ያሉት ከብርሃን ፍጥነት ከ2 እስከ 15 በመቶው ብቻ ነው የሚጓዙት፤ ይህ የቀዘቀዘ ፍሰት ነው፣ ጥናቱም ለአጠቃላዩ ስብስብ የጎን ጄትን ውድቅ አድርጎታል።

ሁለተኛው የተወረወረው ቁስ ራሱ ዘግይቶ ነው የተነሳው የሚል ነው። የስፋቱን ስሌት ወደ ኋላ ስትቆጥሩት መነሻው ኮከቡ የፈረሰበት ቀን ላይ አያርፍም፣ ከ500 እስከ 2,000 ቀን ዘግይቶ ነው የሚያርፈው። ታዲያ ብላክ ሆሉ ምን ሲጠብቅ ቆየ? አንዱ መልስ ዲስኩ ለመሥራት ጊዜ ይፈጅ ይሆናል የሚል ነው። የኮከቡ ጅረት ወዲያው ክብ ሆኖ አይረጋጋም፣ እየተጋጨና እየተንከራተተ ነው የሚሰበሰበው። ሌላው መልስ ዲስኩ ጠባዩን ይቀይራል የሚል ነው። በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ኮከብ አጠገብ ሆነው ከኮከቡ ጋዝ የሚስቡ ትንንሽ ብላክ ሆሎች አሉ፤ የሚገባላቸው ጋዝ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ጄት ሲያበሩ ደጋግመን አይተናቸዋል። በግዙፎቹም ዘንድ ያው ሕግ ከሠራ፣ ድግሱ ሲያልቅ ነው ጄቱ የሚነሳው ማለት ነው። እኔን የሚያሳምነኝ ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ሌላ ቦታ ላይ ሲሠራ ያየነው ነገር ስለሆነ።

ሦስተኛው ቁሱ ቀድሞ ወጥቶ በስስ ጋዝ ውስጥ ሳይታይ ተጉዞ፣ ዘግይቶ ከወፍራም ጋዝ ጋር ተላተመ ይላል። ለአንዳንዶቹ ሊሆን ይችላል። ለሁሉም ግን፣ በየጋላክሲው እምብርት ተመሳሳይ ርቀት ላይ ወፍራም ጋዝ ተደርድሮ መጠበቅ አለበት፣ ይህ ደግሞ የተመቻቸ ነገር ይመስለኛል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ኤችዋይዜድ 665 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል ስንል ኮከቡ የፈረሰው ከዚያን ያህል ዓመት በፊት ነው፤ ታዲያ «3 ዓመት ዘገየ» ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ብልጭታውም ሬዲዮውም ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት በእኩል ፍጥነት ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት እዚያ ሲነሱ የነበረው ልዩነት ነው፣ ዩኒቨርሱ ስለሚሰፋ ብቻ በጥቂቱ ተለጥጧል። ድሮ የተቀረጸ ነገር ዛሬ እያየን ነው፣ የትዕይንቱ ቅደም ተከተልና ርዝመት ግን አልተበላሸም።

ሬዲዮ እንደ ዳኛ

ረጅም ክትትል ዘግይቶ የመጣን ከመያዝ ባለፈ ሌሎች ያነሱትን ሐሳብ ለመፈተሽም ይረዳል። በጥቅምት 2019 መጀመሪያ ደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ የተቀበረው አይስኪዩብ የተባለው መመርመሪያ አንድ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ኒውትሪኖ (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይነካካ ጥቃቅን ቅንጣት) ያዘ። አቅጣጫው ኤቲ 2019 ዲኤስጂ ከተባለ የኮከብ መበጣጠስ ጋር ገጠመ። ትልቅ ዜና ነበር፤ የተበጣጠሱ ኮከቦች የኒውትሪኖ ፋብሪካ ናቸው ማለት ነዋ። ከዚያ ግን ሬዲዮውን ረዘም ላለ ጊዜ የተከታተሉት ሲያሰሉ የፍሰቱ ጉልበት ከሌሎቹ ብዙም የተለየ ሆኖ አላገኙትም። ታዲያ ተራ ከሆነ ለምን ከእሱ ብቻ ኒውትሪኖ መጣ? ግጥሚያው አጋጣሚ ሊሆን እንደሚችል ይህ ጥያቄ ክፍት አደረገው።

አዲሱ ነገር ደግሞ ኤቲ 2024 ቲቪዲ ነው። ይህ ኮከብ የተበጣጠሰው ጋላክሲው እምብርት ላይ አይደለም፣ ከእምብርቱ 2,600 የብርሃን ዓመት ገደማ ፈንጠር ብሎ ነው። እዚያ ማንም ያላወቀው ግዙፍ ብላክ ሆል ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ሬዲዮውም በመጀመሪያ አልታየም። ከወራት በኋላ ግን አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ደመቀ፣ የተለዋወጠበት ፍጥነት ደግሞ ከእነዚህ ክስተቶች ሁሉ ፈጣኑ ነው። የመጀመሪያው ምልከታ ባዶ ሲሆን ቢተዉት ኖሮ ሁለቱም ያመልጡ ነበር።

ከፊታችን ያለው

ቺሊ ውስጥ ያለው የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ የመጀመሪያ ምስሎቹን በሰኔ 2025 ለሕዝብ አሳይቷል። በየጥቂት ምሽቱ የደቡቡን ሰማይ እየደጋገመ ያነሳል። ከመቶዎች ወደ ሺዎች የኮከብ መበጣጠስ እንደሚያስገባን ይጠበቃል። ደስ ይላል፣ ግን ሥጋትም አለኝ። አዲስ ብልጭታ በየሳምንቱ ሲዘንብ አሮጌውን እንደገና ለማየት ጊዜ የሚሰጠው ማን ነው? 40 በመቶ የሚለው ግኝት የመጣው ሰዎች ያረጀ ዝርዝር ላይ ጊዜ ስላጠፉ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። ከሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጊዜ ላይ ቋሚ ድርሻ ለቆዩ ክስተቶች ይቆረጥ፣ በየዓመቱ አንዴ ይታዩ፣ ታይቶ ምንም ያልተገኘበትም ቀን ከነመጠኑ ይታተም። «አልታየም» የሚለው መረጃ ብዙ ጊዜ በየሰዉ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀራል። ነገር ግን ሬዲዮው መቼ እንደተነሳ የሚነግረን በመጨረሻ ያልታየበት ቀንና በመጀመሪያ የታየበት ቀን አንድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ያለዚያ የመነሻው ቀን በዓመታት ይዋልላል፣ ከላይ ያነሳናቸውን ሦስት ማብራሪያዎችም መለየት አይቻልም።

የጅምላ ቅኝቶችም ሸክሙን ያቀሉታል። ቪኤልኤ 27 ሳህኖች አሉት፣ ከ2017 ጀምሮም ከእሱ የሚታየውን ሰማይ በ32 ወር ልዩነት እየተመላለሰ ሲቃኝ ቆይቷል። በደቡብ አፍሪካ ሚርካት 64 ሳህኖች ይዟል፣ በአውስትራሊያ አስካፕ 36። ሚርካትን ጠቅልሎ ስኩዌር ኪሎ ሜትር አሬይ የሚባለው ግዙፍ ቴሌስኮፕ በሁለቱ አገሮች እየተሠራ ነው። እነዚህ ማንም ሳይጠይቃቸው ሁሉንም ያያሉ። ድክመታቸው በአንድ ወይም በሁለት ድግግሞሽ ብቻ ማየታቸው ነው፤ ፍጥነትና ዕድሜ ለማስላት ደግሞ የድምቀቱን ጫፍ በብዙ ድግግሞሽ መለካት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቅኝቱ «ይህ ነቅቷል» ይላል፣ ከዚያ ሌላ ቴሌስኮፕ በትኩረት ይከተለዋል።

ኤችዋይዜድን በተመለከተ የሚጠበቀው ነገር ግልጽ ነው። የጎን ጄት ከሆነ ድምቀቱ ጫፍ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል፣ በተለያዩ አህጉሮች ያሉ ሳህኖች ተጣምረው ሲያዩትም እንደ አርፕ 299 ነጥቧ ረዝማ ልትታይ ይገባል። ዘግይቶ የተነሳ ቀርፋፋ ፍሰት ከሆነ ግን ነጥቧ ከዚያ በጣም ያነሰች ሆና ትቆያለች። ሁለቱን የሚለየው መለኪያ በእጃችን አለ፤ የሚቀረው ዓመት እየቆጠሩ ተመላልሶ ማየት ነው።